የመንገድ ዳር ተዝካር

ባሌ ወረታ ውስጥ የታወቀ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢ በኋላ ሰምቶ ፊቱን እንዳያዞር ነው፤ የሚያዞር ካለ አሁኑኑ ያዙር። የፎገራ ገበሬ በባሌ ማረሻ ያርሳል፣ ሚስቱ በእኔ ድስት ወጥ ትሠራለች፣ እናቴ በሠራችው ጋን ጠላ ትጠምቃለች። ከቤታችን ገብተው ግን አንድ ጉርሻ አይጎርሱም። ቡዳ ናቸው ይሉናል፤ ዓይናቸው ይበላል ይሉናል። መንገድ ላይ ውኃ ጠምቶኝ ደጃፋቸው ብቆም በቅል ይሰጡኛል፤ እኔ ዞር ስል ቅሉ ሲሰበር እሰማለሁ። ልጅ ሳለሁ ቅሉ ከእጃቸው አምልጦ የሚሰበር ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው በስተርጅና በተማርሁት ፊደል ነው። እጄ ከብዕር ይልቅ ጭቃ ስለሚያውቅ ጽሑፌ ቢጎረብጥ አይፈረድብኝ።

ነገሩ የሆነው ሱዳን የራሷን ባንዲራ ከሰቀለች ብዙም ሳይቆይ ነው። በዚያ ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን አለበሱት። ውኃ በፎገራ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ያን ዓመት ግን አልሸሽ አለ፤ ኅዳር ገብቶም ተኝቶ ነበር። ገበሬው አላረሰም፣ ማረሻም አልሰበረም፣ ወደ ባሌ ወናፍ የሚመጣ ሰውም ጠፋ። ባሌ ከሦስት ዘመዶቻችን ጋር ለማሽላ አጨዳ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ወረደ። «ለጥምቀት እመጣለሁ» ብሎኝ ነበር።

ለጥምቀት ሦስቱ መጡ። እሱ የለም። ከደጃፌ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት አዩ።

«ንዳድ ያዘው» አለኝ ትልቁ። «መራመድ አቃተው። መንገድ ዳር ካለች አንዲት የእስላም አሮጊት ቤት አስተኝተነው መጣን።»

«ሞቷል?»

«ስንለየው ነፍሱ ነበረች።»

ነፍሱ ሳለች ጥለውት መጡ! በዚያን ሰዓት ከእጄ ላይ የነበረውን ምንቸት ወርውሬ ግድግዳው ላይ ሰበርሁት፤ ያልወረወርሁባቸው አጠገቤ ስለነበረችው እናቴ ብየ ነው። ይቅር እንድላቸው ረጅም ዓመት ፈጅቶብኛል።

ልጅ አልነበረንም። ባሌ በሕይወት ካለ የሚያመጣው፣ ከሞተም የሚያስበው ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረውም። በአገራችን ሰው ሲሞት ተዝካር ይወጣለታል፤ ጎረቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ የሟቹን ስም ጠርቶ «ነፍስ ይማር» ይላል። ያ ቃል ለሟቹ የመንገድ ስንቁ ነው ብየ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። የእኛን ተዝካር ግን ማን ይበላል? ከእኛው ከቀጥቃጭና ከሸማኔ ወገን በቀር ማንም፤ ከእነሱም አብዛኞቹ በዚያ ዓመት እንጀራ ፍለጋ ተበትነዋል። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው አንድ ነፍስ ይማር የሚለው ጎረቤት አጥቶ ሊቀር ነው ብየ ሳስብ ደሜ ይፈላ ነበር። ልፈልገው ልሄድ ተነሣሁ።

«ሴት ልጅ መተማ ወርዳ ምን ልትሆን?» አለች እናቴ። «ወይ ንዳዱ ይበላሻል፣ ወይ ሽፍታው።»

«እማየ፣ ስንቁን ብቻ ስጭኝ።»

ሰጠችኝ። እያለቀሰችና እየተሳደበች በሶ አቀረበችልኝ።

እስከ ጎንደር በጭነት መኪና፣ እህል ላይ ተቀምጨ ሄድሁ። ከጎንደር አህያ ጭነው ወደ ገዳሪፍ የሚወርዱ ነጋዴዎችን ተጠግቼ በጭልጋ በኩል ቁልቁል ወረድን። ከነጋዴዎቹ አንዱ ዐረብኛ አጥርቶ የሚናገር የጎንደር እስላም ነበር፤ ነገሬን ሲሰማ «እኔ አደርስሻለሁ፣ እህቴ» አለኝ። አደረሰኝም። ሸክላ ሠሪ መሆኔን ግን ለእሱም ለሌሎቹም አልነገርሁም። የገበሬ ልጅ ነኝ አልሁ። ከክርስቲያኖቹ ነጋዴዎች ጋር በአንድ ገበታ እጄን ሰድጄ ስበላ፣ ማንም ዓይኔን ሳይፈራ ሲያጎርሰኝ፣ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ውሸታም ነበርሁ፤ አልክደውም። አልጸጸትበትምም።

ከመተማ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ። ጎንበስ ብየ በጣቴ አሸሁት። የፎገራ አፈር ነው! ለሸክላ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይፈነዳል። ሰው ባሉን ፍለጋ ሲሄድ አፈር ያሻል ወይ የሚለኝ ይኖራል፤ ሸክላ ሠሪ ግን አፈር አይታ አታልፍም።

በዚያ መንገድ ዳር፣ በትንሽ ዳስ ጥላ ሥር፣ ሦስት ጋኖች በእንጨት ላይ ቆመው አየሁ። አጠገባቸው ጣሳ ተሰቅሏል። ጋኖቹ ያልባቸዋል፤ ከሥራቸው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። በሆዴ ሳቅሁ። ማናት ባለሞያ ይህን ያህል የሚያፈስ ጋን ሠርታ አደባባይ የምታወጣ! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጋን ለገበያ ያወጣች ሴት ዓመት ሙሉ ይሣቅባታል።

ያ የጎንደሩ ነጋዴ ፊቴን አይቶ ገባውና አስረዳኝ። «ሆን ብለው ነው። አያለሰልሱትም፣ ቅባትም አያስነኩትም። ሲያልበው ውኃው ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የሙታን። ሰው ሲሞትባቸው ውኃ መንገድ ላይ ያቆሙለታል። የጠጣ ሁሉ ለሟቹ ይመርቃል።»

«ማንም ይጠጣል?»

«ማንም። ከብት ነጅውም፣ ክርስቲያኑም፣ ሌባውም።»

በጣም ጠምቶኝ ነበር። ጠጣሁ፤ ግን በጣሳው አልጠጣሁም። የእስላም አፍ የነካው ነው ብየ በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁ። ነጋዴው አየኝ። እኔ ግን ያደረግሁትን ነገር አላየሁትም፤ ለእኔ ትክክል ነበር።

የአሮጊቷ ቤት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ነጋዴው ገና አፉን ሳይከፍት ሴትዮዋ አየችኝና ሁለት እጆቼን ያዘች። ያን ጊዜ መሞቱን አወቅሁ። ዘጠኝ ቀን ከቤቷ ተኝቶ፣ በአሥረኛው ጠዋት አረፈ። ከመንደሩ ጫፍ፣ ከአንድ ግራር ሥር ወደ ተከመረ አፈር ወሰደችኝ። እሷ ስትናገር ነጋዴው እየተረጎመ እንዲህ አለኝ።

«ሃይማኖቱን ስለምናውቅ በእኛ ደንብ አልቀበርነውም። የእናንተን ደንብ ስለማናውቅ ደግሞ በእናንተ ደንብ አልቀበርነውም። ዝም ብለን፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ቀበርነው።»

በእኛ ደንብ አለቀስሁለት። ደረቴን መታሁ፣ ሙሾ አወረድሁ። የመንደሩ ሴቶች ቋንቋየን አይሰሙም፤ ግን መጥተው መሬት ላይ ዙሪያየን ተቀመጡ። እስክበርድ ድረስ አንዷም አልተነሣችም። በወረታ ሰው ቢሞትብኝ ያን ያህል ሴት አይቀመጥልኝም ነበር፤ ይህን እያለቀስሁም አስቤዋለሁ።

ከዚያ ምግብ ቀረበ። የማሽላ እንጀራ፣ ባሚያ ወጥ፣ ወጡ ውስጥ ደረቅ ሥጋ። ጾሙ ገና አልገባም፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር። የሚከለክለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥጋው እስላም ያረደው ነው። በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም እኛ ያረድነውን አይበላም፤ ማንም በዚህ አይጣላም። እጄን ሰበሰብሁ። ሥጋው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔ ግን እንጀራውንም አልነካ፣ በጣሳ ያቀረበችልኝን ውኃም አልነካ አልሁ። «ሆዴን አሞኛል» አልሁ።

ነጋዴው በዐረብኛ አንድ ነገር አላት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ገበታውን አነሣች። ትንሽ ቆይታ ዱቄት፣ እንጨትና አንድ ድስት ይዛ መጣች። ድስቱ አዲስ ነው፤ እሳት ያልነካው፣ ከገበያ እንደመጣ። ከፊቴ አኖረችው።

«ይህን ማንም አልበላበትም፤ አንቺ ራስሽ ሥሪ ትላለች» አለኝ ነጋዴው።

ድስቱን በእጄ ይዤ ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው የእኔን አፍ የነካውን ቅል ሲሰብር ኖሯል። እኔ ደግሞ ባሌን ዘጠኝ ቀን ያስታመመች፣ በገዛ ጨርቋ የገነዘች ሴት ጣሳዋን አልነካም ብየ ተቀምጫለሁ። እሷ ምንም አልሰበረችም። እንዲያውም አዲስ ድስት አመጣችልኝ! እፍረቱ ከጭንቅላቴ እስከ እግሬ ወረደ። ቡዳ ማለት ይህ ነው አልሁ በልቤ፤ ዓይኑ ሰው የሚበላ ይህ ነው።

«እሱስ? እሱ በልቶላት ነበር?» ብየ ጠየቅሁ።

አሮጊቷ ጥያቄውን ሰምታ በሁለት ጣቷ አሳየችኝ። ሁለት ቀን አልበላም አለ። በሦስተኛው ቀን አፉን ከፈተልኝ፣ አለች።

አዲሱን ድስት መለስሁላትና የመጀመሪያውን ገበታ እንድታመጣ ለመንኋት። በላሁ። እንጀራውንም፣ ባሚያውንም፣ ሥጋውንም። በጣሳዋ ጠጣሁ። ነጋዴው ዘወር ብሎ ወደ አህዮቹ ሄደ፤ እንዳላፍር ብሎ ይመስለኛል።

በልቼ ስጨርስ አስጠራሁትና «ሸክላ ሠሪ ነኝ በልልኝ» አልሁት። ደነገጠ፤ እሱ የጎንደር ሰው ነውና ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ነገራት። ሴትዮዋ በደስታ እጇን አጨበጨበች! ተነሥታ ከጓዳ አንድ የተሰነጠቀ ጋን አወጣችና በምን እንደተሰነጠቀ ትጠይቀኝ ጀመር። አራት ቀን እዚያ ሰነበትሁ። የመንደሩ ሸክላ ሠሪ ሴት የሚያልበው ጋን እንዴት እንደሚሠራ በእጇ እየሠራች አሳየችኝ፤ አፈሩን በአህያ ፋንድያ ማቡካት፣ ውጭውን በድንጋይ አለማለስለስ፣ ሲቃጠል እሳቱን ማሳነስ። እዚያ አገር ሰው የማይናቅ እንዳይመስላችሁ። እነሱም በሩቅ የሚያቆሙት ሌላ ሰው ነበራቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን ግን አላቆሙኝም። ስሄድም አሮጊቷ ለባሌ ጋን መንገድ ላይ እንደምታቆም ነገረችኝ። እሷ በእሷ አገር ካቆመች እኔም በአገሬ አቆማለሁ ብየ ማልሁ። የሚበላው የሌለ ተዝካር የሚጠጣው አያጣም ብየ ተስፋ አደረግሁ።

ወረታ ስደርስ ጾሙ ተጋምሷል። መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ነፍስ አባቴ ነው።

«አባ፣ እስላም ያረደውን በላሁ።»

«ተገድደሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ርቦሽ ነው?»

«አይደለም፣ አባ። ሴትዮዋን እንዳላዋርድ ብየ ነው።»

ከዚያ እስከ ፋሲካ በየቀኑ እንድሰግድ አዘዙኝ። ሰገድሁ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ። የታዘዝሁትን አንድም አላጎደልሁም፤ በልቤ ግን መብላቴን አልተጸጸትሁበትም። ይህንንም ለእግዚአብሔር በግልጽ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ይፍረድ። ለባሌ ፍትሐቱን አደረሱለት። ጋን ስለማቆም ስጠይቃቸው «ውኃ ማጠጣት ተከልክሎ አያውቅም፤ የሚጠጣልሽ ካገኘሽ» አሉኝ።

«እርስዎ ይጠጡልኛል?»

«ጾም ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጾም ነበር።

ከእናቴ ጋር ደግሞ ተጣላን። የሚያፈስ ጋን እየሠራሁ መሆኔን ስታይ ሞያዋን የሰደብሁባት መሰላት። «አርባ ዓመት ጋን ሠራሁ፤ አንድም አፈሰ ተብየ አላውቅ! አንቺ ልታዋርጅኝ ነው?» አለች። ያልበዋል እንጂ አያፈስም ብየ ባስረዳትም አልሰማችኝም።

ፋሲካ አለፈ፣ ግንቦት ገባ። ፀሐዩ ሜዳውን ያነዳል። ከቁሐር ሚካኤል በኩል የሚመጣው ሰው ወደ ወረታ ገበያ በሚያልፍበት፣ ከአንድ ሾላ ጥላ ሥር ጋኔን አቆምሁ፤ ጣሳም ሰቀልሁ። በመጀመሪያው ገበያ ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ አወቀ። በሾላው ሥር ያልፍ የነበረው ሰው ፀሐይ ላይ ወጥቶ ዞሮ ማለፍ ጀመረ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። በማግስቱ ጋኑን በድንጋይ ተሰብሮ አገኘሁት።

ሌላ ሠራሁ። እሱም ተሰበረ።

ስባሪውን ለቅሜ ስመለስ አላለቀስሁም። አፈር አለ፣ እጅ አለ፤ እነሱ እስኪደክማቸው እኔ እሠራለሁ አልሁ። ቁጭ ብየ አፈር ስከሰክስ እናቴ መጥታ ከአጠገቤ ቆመች። ስባሪውን አንሥታ አየች፤ የተሰበረበትን ጠርዝ በጥፍሯ ፈተገች።

«አላበጠርሽውም» አለችኝ። «ጠጠር አለበት። እንዲህ ከሆነማ ድንጋይም ሳይነካው ይሰበራል።»

ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠችና አፈሩን ከእጄ ነጥቃ ታቦካ ጀመር። ሦስተኛውን ጋን የሠራነው አብረን ነው።

በሚቀጥለው ገበያ አልተለየሁትም። ከማለዳ ጀምሮ ከጋኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የሚሰብር ካለ ፊቴን አይቶ ይስበር። ከብቱ አለፈ፣ ሰው አለፈ፣ እህል የጫነ አህያ አለፈ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ ብዙው እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። በጥላው ሥር እኔና ጋኑ ብቻ ነን፤ ሰው በፀሐይ እየተቃጠለ ይዞረናል።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሬ እየነዳ መጣ። ሚስቱ ዶሮ አንጠልጥላ ከኋላው ትከተላለች። በሬው ጥላውን አየና ዞር አልልም ብሎ ቆመ። ሽማግሌው ግንባሩን እየጠረገ ጋኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውኃ ነው፣ አባቴ።»

«የሚሸጥ ነው?»

«አይሸጥም። የባሌ ተዝካር ነው።»

«ባልሽ ማን ነበር?»

«ቀጥቃጩ። ከመንገዱ ማዶ የነበረው።»

ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «ያ ማረሻየን የሚቀጠቅጥልኝ? ሞተ እንዴ?»

«ሞተ። ሱዳን ወርዶ ቀረ።»

«ኧረ!» አለ፤ ድንጋጤው የእውነት ነበር። «እኔ እኮ ባለፈው ማረሻ ይዤ ሄጄ ቤቱን ተዘግቶ ሳገኘው፣ ይህ ሥራ ጠል ብየ ሰድቤው ተመለስሁ።»

ሚስቱ ከፀሐዩ ላይ ሆና «ተው አንተ ሰውየ! ና እንሂድ፣ ገበያው ይፈታል!» ብላ ጮኸች። የሚያልፈው ሰው እየቆመ ማየት ጀመረ። ሽማግሌውም ግራ ቀኙን ተመለከተ፤ መፍራቱን አይቻለሁ፤ የፈራ ሰው መሆኑን ባልጽፍ እበድለዋለሁ። ይሄዳል አልሁ።

«የክርስትና ስሙን ማን ልበል?» አለኝ።

ነገርሁት። በደንብ እንዲሰማው እንደገና ነገርሁት።

ጣሳውን ሞልቼ ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። የባሌን የክርስትና ስም ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በሜዳ ላይ ከብት እንደሚጠራ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ነፍስ ይማር!» አለ። ከዚያ ጠጣ። እስከ ታች ጠጣው። ሚስቱ አማተበች። እኔ ደንቡ እንደሚያዝዘው «ዕድሜ ይስጥልኝ» አልሁት።

ሽማግሌው ጢሙን በእጁ ጀርባ ጠረገና ጣሳውን መልሶ ዘረጋልኝ።

«እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለ። «ድገሚኝ።»